ከሁሉ የሚዘገየው ከፊት ይሂድ



የሐዋሳ ሰው ሳይክል ያውቃል። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ጭኖ የሚመጣው ልጅ፣ ወንጌላዊው ጭምር በሳይክል ይሄዳል። እኔም ከሥነ መለኮት ኮሌጅ ተመርቄ ለአገልግሎት ስሰማራ ምእመናንን ቤት ለቤት የጎበኘሁት በሳይክል ነው። ሜዳ ላይ ግን ሳይክል ስለ ሰው ብዙ አይናገርም። ጠንካራውም ደካማውም ከፒያሳ ተነሥቶ ፍቅር ሐይቅ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ይደርሳል። ዳገት ሲመጣ ነው መንገደኛው የሚበታተነው። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ አብረን የምንሄደው በማን እርምጃ ነው?

ይህ ጥያቄ የቤተ ክርስቲያንም ጥያቄ ነው። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ከወዳጆቼ ጋር በባሌ ተራሮች ካደረግሁት የአራት ቀን የሳይክል ጉዞ ተነሥቼ ነው። አስቀድሜ ግን ቃሉን እንመልከት።

ያዕቆብ ያወቀው ነገር

ያዕቆብ ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ወንድሙን ዔሳውን አገኘ። ዔሳው አራት መቶ ሰዎች አስከትሏል። ያዕቆብ ደግሞ ሚስቶች፣ ትንንሽ ልጆች፣ ግልገልና ጥጃ የሚያጠቡ ከብቶች አሉት። ዔሳው አብረን እንጓዝ ሲለው ያዕቆብ በትሕትና አልተስማማም። ልጆቹ ገና ለጋ እንደሆኑ፣ መንጋው አንድ ቀን ብቻ ቢጣደፍ እንደሚያልቅ አስረዳው፤ ስለዚህ አንተ ቅደም፣ እኔ በእነርሱ ልክ ቀስ ብዬ እመጣለሁ አለው (ዘፍ 33፥12-14)። በዕብራይስጡ በዚህ ስፍራ እርምጃን ለመግለጽ የገባው ቃል «ሬጌል» ነው፤ እግር ማለት ነው። ያዕቆብ በልጆቹ እግር እሄዳለሁ እንዳለ ቁጠሩት።

ያዕቆብ ከዚያ በኋላ ወደ ሴይር ሳይሆን ወደ ሱኮት እንደሄደ አውቃለሁ። ለወንድሙ የሰጠው መልስ ሙሉ ቅንነት አልነበረበትም የሚሉ መምህራን አሉ፤ ክርክሩም ቦታ አለው። ስለ መንጋው የተናገረው ግን እውነት ነው። ደግሞም ይህን ሲናገር እርሱ ራሱ በያቦቅ ከታገለበት ሌሊት በኋላ እያነከሰ ነበር (ዘፍ 32፥31)። የሚያነክስ ሰው ስለ እርምጃ ሲናገር ከልቡ ነው።

የመካኒኩ ደንብ

ስድስት ነበርን። የጉዞው አሳቢ በከተማችን ሳይክል የሚጠግን ወንድም ነው። ከእርሱ ጋር አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከመዘምራን ኅብረት ሁለት ፈጣን ወጣቶች፣ እኔና አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ነበርን።

ስለዚህ ጓደኛዬ ጥቂት ልንገራችሁ። ባለቤቱን ከቀበረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። በሌላ አጥቢያ ለረጅም ጊዜ ያገለገለ ሰው ነው፤ ከቀብሩ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ከጉባኤ ቀረ። በአገራችን ሐዘንተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻውን አይተውም። ድንኳን ይተከላል፣ ከየቤቱ ምግብ ይመጣል፣ ይዘመራል፣ ይጸለያል። ይህ ትልቅ ጸጋችን ነው። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ግን ሌላ ጊዜ ይጀምራል። ሰዉ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሐዘንተኛው ገና እዚያው ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ «ተጽናና» የሚለው ቃል «በቃህ» ማለት ይጀምራል። ጓደኛዬ ይህን ሁለተኛ ጊዜ ብቻውን አሳልፎታል። ወደ ጉዞው የጠራሁት ልሰብከው አልነበረም። ሳይክል ይወድ ስለነበር ብቻ ነው።

መካኒኩ ከመነሣታችን በፊት ሰብስቦን ሦስት ደንብ አወጣ። አንደኛ፣ ዳገት ላይ ከሁሉ የሚዘገየው ከፊት ይሄዳል፤ ሌላው በእርሱ ልክ ይከተላል። ሁለተኛ፣ እርሱ ራሱ የመጠገኛ ዕቃውን ይዞ ከኋላ ይሆናል፤ ከእርሱ በስተኋላ ማንም አይቀርም። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ታሞ ከወረደ ሁላችንም እንወርዳለን።

ከፊት የሚሄደው ማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ። ከወጣቶቹ አንዱ «እንዲህ ከሆነማ ሳይክሉን ትተን በእግር ብንሄድ ይሻላል» ብሎ ሳቀ። መካኒኩ «ደንቡ ለጋሼ ብቻ አይደለም፤ ላንተም ነው» ብሎት ዝም አለ።

ወደ ሳነቴ

ሳይክሎቻችንን በመኪና ጭነን በሻሸመኔ፣ በኮፈሌና በዶዶላ አልፈን አዳባ ወረድን። ከዚያ ጀምሮ ነዳን። ዲንሾ ከመድረሳችን በፊት በጋይሳይ ሣር ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘኖች መንገዱን ተሻገሩ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ዲንሾ አድረን በሁለተኛው ቀን የብሔራዊ ፓርኩን መግቢያ ከፍለን፣ በሮቤ በኩል ወደ ጎባ ወረድን። በሦስተኛው ቀን ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣውን የጠጠር መንገድ ጀመርን።

የአገራችን ሰው ምድሪቱን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ ከከፈለ በኋላ ከሁሉ በላይ ያለውን ውርጭ ይለዋል። ሳነቴ ውርጭ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ሳነቴ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ስድስት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። አስታው እያጠረ ይሄድና ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ዛፍ የለም። ብርማ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ ትንንሽ ሐይቆች፣ በየቦታው ብቻውን የቆመ ጅብራ ይታያል። በጥር ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውኃ ያጋግራል።

በከፍታ ላይ ሰውነት ራሱን የሚያስተካክለው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ሌሊት ከአምባው በታች፣ አስታው ገና ባላለቀበት ቦታ ድንኳን ተክለን አደርን። እስከዚያ ድረስ ደንቡ ተከብሮ ነበር። ጓደኛዬ ከፊት በዝቅተኛው ማርሽ ቀስ እያለ ይገፋል፤ እኛ እንከተላለን። የሚገርማችሁ፣ በእርሱ ልክ ስንሄድ መነጋገር ይቻል ነበር። መምህሩ ስለ ድንጋዮቹ ያስረዳል፤ መካኒኩ ከኋላ መዝሙር ያንጎራጉራል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን ወጣቶቹ አልቻሉም። አምባው ሊደርስ ሲል አንዱ ከመቀመጫው ተነሥቶ እየረገጠ አልፎን ሄደ፤ ሌላው ተከተለው። መካኒኩ ጠራቸው፤ ነፋሱ ድምፁን ወሰደው።

እኛ በራሳችን ልክ አምባውን ስናቋርጥ አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ አጠገብ ፍልፈል ሲያደባ አየን። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ለብቻው ነው፤ የሚኖረው ግን በመንጋ ነው። አንዲቱ ስትወልድ ሌሎቹም የመንጋው አባላት ለግልገሎቹ ምግብ ያመጣሉ፤ ጉድጓዱንም ይጠብቃሉ። መምህሩ ይህን ሲነግረን ጓደኛዬ ቆሞ ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚያስገነጥለው መንገድ ላይ ወጣቶቹን አገኘናቸው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በዕቅዳችን መሠረት ጫፉ ላይ ደርሰን ከዚያ ወደ ሪራ መውረድ ነበረብን። ያለፈን የመጀመሪያው ወጣት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዳቦ ሰጠነው፤ አልበላም። «ምን ሆነሃል?» ስንለው «ደህና ነኝ፤ ትንሽ ደክሞኝ ነው» አለ። ሁላችንም ይህን አምነን ውኃ መጠጣት ጀመርን። ጓደኛዬ ግን ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። የጃኬቱን ዚፕ ለመዝጋት ሲሞክር ጣቶቹ እንዳልታዘዙለት አየ። «እስቲ ተነሣና ተራመድ» አለው። ልጁ ተነሣ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ወላገደ፤ ከዚያም አስመለሰው።

ራሱን ያመው የጀመረው ከሌሊቱ ነበር። ለማንም አልተናገረም። ጠዋት ፈጥኖ ያለፈን ጤነኛ መሆኑን ለእኛም ለራሱም ለማሳየት ነበር።

ተራራ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ነገር አጥብቀው ይናገራሉ፦ የከፍታ ሕመም ጉልበት አይመርጥም፤ በስፖርት የጠነከረውንም ይጥላል፤ ፈጥኖ የወጣውን ደግሞ ቶሎ ያገኘዋል። ፍቱን መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሰው እንደ ሰከረ መወላገድ ከጀመረ ደግሞ እስከ ነገ አይባልም።

ሁለተኛው ወጣት ተራራውን እያየ «ጫፉ እዚያ ነው እኮ፤ እኔ ደርሼ እደርስባችኋለሁ» አለ። ከደመናው በታች ጫፉ በግልጽ ይታያል። እውነትም ቅርብ ነበር። መካኒኩ «ሦስተኛውን ደንብ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ወጣቱ ሳይክሉን አዞረ። እውነቱን ለመናገር ፊቱ ደስ አላለውም።

ከአምባው ጠርዝ ወደ ሐረና ደን የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛና ቁልቁል ነው። ከታች ጉም እየወጣ ነበር። ጓደኛዬ የራሱን ሳይክል ለመምህሩ ሰጥቶ ልጁን በክንዱ ደግፎ በእግሩ ወረደ። መካኒኩ የልጁን ሳይክል ጨምሮ ሁለት ሳይክል እየገፋ ከኋላ ሆነ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር የልጁ እርምጃ እየጸና መጣ። ሲመሽ ሪራ ደረስን። አንድ የመንደሩ አባወራ ከነቤተሰቡ ተቀበሉን፤ ሙስሊሞች ናቸው፤ ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ እሳት አንድደው ሻይ አፈሉልን፣ ከደኑ ቀፎ የተቆረጠ ማር አቀረቡልን። ልጁ ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰደው፤ ጠዋት ራቡን ተናገረ። እግዚአብሔር ይመስገን።

በእሳቱ ዳር

ያን ሌሊት ሌሎቹ ሲተኙ እኔና ጓደኛዬ እሳቱ ዳር ቀረን። ልጁ መታመሙን ከሁላችን ቀድሞ እንዴት እንዳወቀ ጠየቅሁት።

«ደህና ነኝ ያለበትን አባባል አውቀዋለሁ» አለኝ። «እኔም ሁለት ዓመት እንደዚያ ስል ነበር።»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ቤተ ክርስቲያን ተወ ይሉኛል፤ ሰምቻለሁ። እኔ መንገዱን አልተውኩም። እየሄድኩ ነበር፤ እነርሱ ናቸው የፈጠኑብኝ። ወደ ኋላ ስትቀር መጀመሪያ የምታጣው ድምፃቸውን ነው። ቀጥሎ ጀርባቸውን። ከዚያ በኋላ ባልኖርም አይጎድልባቸውም ማለት ትጀምራለህ። ሰሞኑን ከፊት አድርጋችሁኝ ስትሄዱ አፍሬ ነበር። ግን ከኋላዬ ስታወሩ እሰማ ነበር። ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ይህንን ነው።»

ምንም አልመለስኩለትም። እንጨት ጨመርኩ።

የኋላ ደጀን

ከዚያ ጉዞ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት ስለ ኋለኞቹ የሚናገሩት ክፍሎች ይበልጥ ይታዩኝ ጀመር። አማሌቅ እስራኤልን በምድረ በዳ የመታው ከፊት ገጥሞ አይደለም። ደክመው ከኋላ የቀሩትን ነበር የለቀመው፤ እግዚአብሔርም ይህን አትርሱ ብሎ አዘዘ (ዘዳ 25፥17-19)። ጠላት ዛሬም መንገዱን አልቀየረም። ጉባኤያችንን የሚያጠቃው ከበሮ በሚመታበት መድረክ በኩል ሳይሆን ማንም በማያይበት በጅራቱ በኩል ነው። ስለዚህም እስራኤል በየነገዳቸው ሲጓዙ የዳን ነገድ ከሰፈሩ ሁሉ ኋላ እንዲሄድ ተመድቦ ነበር (ዘኍ 10፥25)። ዳን የኋላ ደጀን ነው። ክብሩ ከፊት ከሚሄደው ከይሁዳ አያንስም።

«ሁሉም በደካማው ልክ ከሄደ የወንጌል ሥራ አይቆምም ወይ?» የሚል ጥያቄ አንዳንድ አገልጋዮች ያነሣሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳዊት አማሌቃውያንን ሲያሳድድ ከስድስት መቶ ሰዎቹ ሁለት መቶዎቹ በቦሦር ወንዝ ደከሙ። ዳዊት ጉዞውን አላቆመም፤ አራት መቶው ተሻገሩ። ሲመለሱ ግን አንዳንዶች ለቀሩት ምርኮውን አናካፍልም አሉ። ዳዊት አልፈቀደም፤ ዕቃ ዘንድ የተቀመጠውና ሰልፍ የወጣው ድርሻቸው እኩል እንዲሆን ሥርዓት አደረገው (1ሳሙ 30፥9-25)። እንግዲህ አንዳንድ ጊዜ ሁሉም ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜ የቻለው ይቀጥላል። የደከመው ድርሻውን የሚያጣበት ጊዜ ግን የለም።

ለምእመናን የምለው ይህ ነው። በየቤት ኅብረታችሁ አንድ ደጀን ሰይሙ። ሥራው ቀላል ነው፤ ዛሬ ማን እንዳልመጣ ያያል፣ በማግሥቱ ይደውላል። ሲደውል «ለምን ቀረህ?» አይበል፤ «እንዴት አደርክ?» ይበል። ባሏን ወይም ሚስቱን የቀበረ ሰው ያለባችሁ ኅብረቶች የሞቱን ዕለት ጻፉት፤ ስድስተኛውን ወርና ዓመቱን አስታውሳችሁ ቤቱ ሂዱ። የድል ምስክርነት በሚነገርበት ጉባኤ ውስጥ ገና ያልተሻለው ሰው እንደ ተሸናፊ ሳይቆጠር የሚቀመጥበት ወንበር ይኑር።

ጠንካሮች ለሆናችሁ ደግሞ፦ ከሌሊት ጀምሮ የሚያማችሁን አትደብቁ። በአገልግሎት ፈጥኖ መሮጥ ሕመምን ለጊዜው ይሸፍናል፤ አያድንም። «ደህና ነኝ» ከማለታችሁ በፊት አጠገባችሁ የሚቀመጥ አንድ ሰው ፈልጉ።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሆናችሁ መንገዱን የምትጠይቁም፣ ቀድሞ ነበራችሁና አሁን ራቅ ብላችሁ የምታነቡም ትኖራላችሁ። ለእናንተ ሉቃስ 24ን ላስታውሳችሁ። በትንሣኤው ቀን ሁለት ደቀ መዛሙርት ተስፋ ቆርጠው ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ እየራቁ ነበር። ጌታ በመንገዳቸው መካከል ቆሞ አላገዳቸውም። ቀረባቸው፤ በእነርሱ እርምጃ፣ እነርሱ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ አብሯቸው ሄደ፤ ምን እንደሚያሳዝናቸው ጠይቆ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሱት በኋላ ነው፤ ያንኑ ምሽት፣ በራሳቸው ፈቃድ። ክርስቶስ እንዲህ ያለ ጌታ ነው። እኛ ፈጥነንባችሁ ከሆነ እርሱ አልፈጠነባችሁም።

ጓደኛዬ አሁን አንዳንድ ሐሙስ ወደ ቤት ኅብረታችን ይመጣል፤ አንዳንድ ሐሙስ አይመጣም። ሲመጣ ገና አይዘምርም፤ ያዳምጣል። የታመመው ወጣት ከጎኑ ይቀመጣል። ሁለተኛው ወጣት ቱሉ ዲምቱ ዕዳ ሆኖበት ዛሬም ያነሣዋል፤ አልፈርድበትም፤ ጫፉ በእውነት ቅርብ ነበር። ግን ሪራ ስድስት ሆነን ነው የደረስነው።

በዚህ ሳምንት ለማሰላሰል፦ ከእኔ በስተኋላ ድምፄን መስማት ያቆመ ማን ነው? እኔስ «ደህና ነኝ» ብዬ የደበቅሁት ምንድን ነው?

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ የሚያጠቡትን በቀስታ የምትመራ እረኛ አንተ ነህ። ፈጣኖቻችንን ትዕግሥት፣ የደከሙትን ተስፋ፣ የቀሩትን ወዳጅ ስጣቸው። አንተ ከፊታችንም ከኋላችንም ሁን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።